የሃያ ስድስት ሰው ፊርማ

ባለፈው እሑድ የእድር ስብሰባ ላይ የአቴንዳንስ ወረቀት ሲዞር እኔ ጋ ደረሰና ቆመ። «ለምንድነው የምትፈልጉት?» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሳቅ! ፊርማ የምጠረጥርበት ምክንያት አለኝ።

ከአስር ዓመት በፊት፣ በባህል ቢሮ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣ የወረዳውን ታሪክ ሰብስብ ተብዬ ከእንጭኒ ከተማ ወጣ ብላ ወዳለች መንደር ተላክሁ። ኅዳር ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፣ መንገዱ አቧራ ብቻ። ያሳደሩኝ ኦቦ ዲንቃ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮ አበሉኝና በማግሥቱ የእድራቸውን ሰዎች ወይራ ሥር ሰበሰቡልኝ። «ልጁ ታሪካችንን ሊጽፍ ነው፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

እኔ ሞኙ መጀመሪያ ምን ብጠይቅ ጥሩ ነው? «ይህን መሬት ማን አቀናው?» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ በየከተማው ዳር መሬት ሊወሰድ ነው የሚል ወሬ ሰዉን እንቅልፍ ነስቶታል። ቢሆንም ለኦቦ ዲንቃ ሲሉ ቀስ በቀስ አወሩ። ሲያበቁ፣ እንደ ቢሮ ልማድ፣ አቴንዳንስ አዞርኩ። መሄዴን ለአለቃዬ ለማሳየት እንጂ ሌላ አላሰብኩም። ሃያ ስድስት ሰው ፈረመ፤ መጻፍ ያልቻለው በጣቱ።

ከምሳ በኋላ እድርተኛው ተመልሶ የኦቦ ዲንቃን ደጅ ሞላው። «ዲንቃ፣ በፊርማችን መሬታችንን ሸጥክብን!» አለ አንዱ። ወረቀቱ ካልተመለሰ ከእድር ሊያስወጧቸው ነው። ባለቤታቸው ደግሞ ውስጥ በጠና ታመው ተኝተዋል። ከእድር የወጣን ሰው ሬሳ ማን ያነሣል?

«ኢልማ ኮ፣ እውነቱን ንገረኝ ልጄ፣» አሉኝ ኦቦ ዲንቃ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ወረቀት የት ይሄዳል?»

«ቢሮ» ልል አፌን ከፈትኩ። ከቢሮስ ወዴት? እኔም አላውቅ! ራሴን ጠረጠርኩት። አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ሰዉ እያየ ምድጃ ውስጥ ከተቱት።

ቢሮ ስመለስ አለቃዬ የጻፍኩትን ገልጦ እንኳ አላየም። «የፈረሙት ሰዎች ዝርዝር የታለ?» አለኝ።

«ዝናብ አበላሸው።»

በኅዳር! አፈጠጠብኝ። ዝርዝሩን ለምን እንደፈለገው እስከ ዛሬ አላውቅም። ለፋይል ብቻ ይሆናል። ምናልባት።

የወረዳው የታሪክ መጽሐፍ ከታተመ ቆየ፤ ፊርማ ያልቀረበላት ያቺ መንደር የለችበትም። አንዳንዴ ይቆጨኛል። ኦቦ ዲንቃ ባለፈው ወር ሲያርፉ ለቀብር ሄጄ ነበር። እድሩ አንድ ሰው ሳይቀር ወጥቶ ተሸከማቸው። ስንመለስ ያኔ ደጃቸው ላይ የጮኸው ሰውዬ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አሁን ጠይቀን፣ ወረቀት ሳትይዝ» አለኝ።

ጠየቅሁ። ወይ ጉድ፣ ስንቱን አጫወቱኝ! አንዱንም አልጽፈውም።