ከሽንፈቱ ማግስት ሳይን የነቀልንባቸው ሦስት ቀናት

የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባሁት ጥሩ ጫማ አድርጌ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። የካምፔይን ሥራ አለ ሲሉኝ ኦፊስ ቁጭ ብዬ ንግግር የምጽፍ መስሎኛል። ጋሽ ወርቁ ከዳንፎርዝ ጎዳና ጀርባ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ የቫናቸውን የኋላ በር ከፍተው ቆመዋል። መጀመሪያ ጫማዬን አዩ፣ ከዛ ፊቴን።

«ምንድነው የምትማሪው?»

«ፖለቲካል ሳይንስ።»

«ጥሩ ነው። መዶሻውን ያዢ።»

ሥራው ሳይን መትከል ነው። በምርጫ ሰሞን ቶሮንቶ ውስጥ የሰው ሳር ላይ የዕጩ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ታያላችሁ፣ እሱን ነው ሳይን የምንለው። ብቻውን አይበቅልም። ጋሽ ወርቁ አገር ቤት አናጢ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ለቀጠራቸው ፓርቲ ሁሉ ሳይን ሲተክሉ ኖረዋል። «እኛ እንጨት ነው የምንተክለው፣ ድምፅ አይደለም» ይሉኛል። ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ከእግረኛ መንገዱ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ዳር ዳሩ ያለው ሳር የከተማው ስለሆነ። የጋዝ ቆጣሪ ባለበት በኩል መዶሻ አይነሳም፣ ከሥሩ ቧንቧ አለ። እንጨቱን ቀጥ አድርጎ መጀመሪያ ሦስቴ በቀስታ፣ ከዛ በኃይል። ሰሌዳው በስቴፕል ይመታል፣ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። ፎቅ ከሆነ ባልኮኒው ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፣ አራቱም ጥግ። ጋሽ ወርቁ ስልሳ አልፈው እንኳን አንዱን በአራት ደቂቃ ይጨርሳሉ። እኔ አስር ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ እሱም ጠማማ። ጠማማ ከሆነ መልሰው ያስነቅሉኛል።

«ማን ያየዋል ጋሽዬ? መኪና ውስጥ ሆኖ እኮ ነው ሰው የሚያልፈው።»

«ባለቤትየው ጠዋት ጠዋት ያየዋል። ንቀይው።»

በዓመቱ ጻፊ አደረጉኝ። ጻፊ ዝርዝሩን የሚይዘው ሰው ነው። አድራሻ ይጽፋል፣ ስም ይጽፋል፣ የሳይኑን መጠን ይጽፋል። ከዛ ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ «ጠየቁ» ይላል፣ ራሳቸው ደውለው ሳይን አምጡልን ያሉ ሰዎች ናቸው። ሌላው «ፈቀዱ» ይላል፣ እኛ በራቸው ላይ ቆመን ስንጠይቃቸው እሺ ያሉ። ሌሎች ቡድኖች እንዲህ አይለዩም፣ ይሄ የጋሽ ወርቁ የራሳቸው አሠራር ነው። ለኔ ትርፍ ሥራ ነበር። ሳይኑ ቆሟል አይደል? ቆሟል። በቃ።

አራተኛ ዓመት ስደርስ፣ መከር ላይ፣ ሰፈራችን ውስጥ የማሟያ ምርጫ ተጠራ። ተወካዩ ሥራ ለቆ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነው። ወንበሩ አገሪቱን በሚያስተዳድረው በወግ አጥባቂው ፓርቲ እጅ ነበር፣ እኛን የቀጠሩንም እነሱ ናቸው። ዕጩዋ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ የሰው ስም የማትረሳ። ካምፔይኑን የሚመራው ብራያን የሚባል ሁለት ስልክ የሚይዝ ሰውዬ ነበር። ከኔ የባሰ ችኩል ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

የሐበሻው ቤት ለኔ ተሰጠኝ፣ ኢስት ዮርክ ያሉት ቤቶችና ቶርንክሊፍ ፓርክ ያሉት ፎቆች። በሩን አንኳኳለሁ፣ «ሳይን ላቁምልዎት?» እላለሁ፣ «እሺ ልጄ» ይሉኛል። አንድም ሰው እንቢ አላለኝም። አንድም! በራሴ ተደነቅኩ።

ብራያን ዝርዝሩን ዛሬውኑ አምጪ ብሎ ኮል አደረገልኝ። ጋሽ ወርቁ የጥርስ ቀጠሮ ስለነበራቸው ባዶውን ቅጽ ከታች ፈርመውበት ሰጥተውኝ ሄደዋል። ቸኮልኩ። ሁለቱን ዓምድ ትቼ ሁሉንም በአንድ ላይ «ሳይን ያለው» ብዬ ጻፍኩት። ብራያን ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ይሄ ሰፈር የኛ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

«የኛ ነው» አልኩት።

ድምፅ ለመጠየቅ በር የሚያንኳኩትን በጎ ፈቃደኞች በሙሉ ከዛ ሰፈር አንስቶ ሌላ ጋ ላካቸው።

ሰኞ ምርጫው ተደረገ። ተሸነፍን። በትንሽ ነው የተሸነፍነው፣ የሚያበሳጨውም እሱ ነው።

ከምርጫው በኋላ ሳይን በሦስት ቀን ውስጥ መነቀል አለበት፣ የከተማው ሕግ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ ቫኑን ስናዘጋጅ ብራያን ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ወርቁ፣ ይሄ ዝርዝር ነው የገደለን። በዚህ ሰፈር በሰፊው ነው የተሸነፍነው። በጸደይ ለሚመጣው ትልቁ ምርጫ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ትልቁ ምርጫ ጋሽ ወርቁ በየአራት ዓመቱ የሚጠብቁት ሥራቸው ነው። ወረቀቱን ተቀበሉት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አንዱን ዓምድ አዩ፣ ፊርማቸውን አዩ። ከዛ እኔን አዩኝ፣ ለአፍታ ብቻ።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉት።

እኔ የፕላስቲክ ማሰሪያ እየቆጠርኩ ነበር። መቁጠሬን ቀጠልኩ። ብራያን ሄደ። ቫን ውስጥ ስንገባ ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ሂተሩን ከፍ አድርጊው» ብቻ አሉኝ።

ዕጩዋ የመጀመሪያው መንገድ ላይ ቆማ ስትጠብቀን ደነገጥኩ። የዝናብ ቦት ጫማ አድርጋለች፣ የራሷን ፒንሳ ይዛለች። እንደኔ ቢሆን የተሸነፈ ሰው ቤቱ ገብቶ መጋረጃ ይዘጋል። «ሳሩን የሰጠኝ ሰው ሁሉ ምስጋና አለብኝ» አለች። ሦስቱንም ቀን አብራን ዋለች። ኖቬምበር ስለነበር መሬቱ ጠጥሯል፣ እንጨቱ አልወጣም ሲል ጎንበስ ብላ ከኛ ጋር ትጎትታለች።

ሰው ግን ዝም ብሎ አላሳለፈንም። አንድ የሐበሻ ታክሲ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ነቀላችሁልን? እጃችሁ ይባረክ!» አለ። ጋሽ ወርቁ ቀና እንኳን ሳይሉ «የተከልነውም እኛው ነን፣ እሱንም መርቅልን» አሉት። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ። ሌላዋ ደግሞ ውሻዋን እየሳበች መጥታ ለዕጩዋ «እንኳን ተሸነፋችሁ» አለቻት፣ ፊት ለፊት። ዕጩዋ «ስለመረጥሽ አመሰግናለሁ» አለቻት። ሴትየዋ ውሻዋን ስባ ሄደች።

ከዛ አንድ ግሪካዊ ሽማግሌ ሳይኑን አላስነቅልም አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የወግ አጥባቂው ፓርቲ ደጋፊ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ።

«የኔ ሳር ነው። እዚሁ ይቆማል።»

ዕጩዋ ወጥታ አጠገባቸው ቆመች። «ትናንት ወጥተው መረጡ?»

«አልወጣሁም» አሉ። «ፓርቲዎቹን ላስደነግጣቸው ፈልጌ ነው እንጂ ይሸነፋሉ ብዬ አይደለም። ስንት ዓመት ሙሉ የኛ ናችሁ ብለው አንድ ቀን አልጠየቁንም። ላንቺ አዝናለሁ። ለነሱ አላዝንም።»

ኮቷ ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር ነበራት። አውጥታ የተናገሩትን እፊታቸው ጻፈችው። ሽማግሌው ስትጽፍ አይተው ራሳቸው ወርደው እንጨቱን ይነቅሉ ጀመር።

ረቡዕ ኢስት ዮርክ ገባን፣ እኔ ሳይን ያቆምኩባቸው ቤቶች ጋ። እትዬ ዘውዴ የሚባሉ ሴትዮ በሩን ከፍተው «ውይ! ተሸነፉ አይደል? አይዞሽ ልጄ» አሉኝ። አዝነውልኛል፣ ከልባቸው።

«እርስዎ መረጧት?» አልኳቸው። እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፣ አውቃለሁ። አላስቻለኝም።

«ኧረ አልመረጥኳትም።»

«ታዲያ ሳይኑን ለምን ፈቀዱልኝ?»

«አንቺ በዛ ብርድ መዶሻሽን ተሸክመሽ በሬ ላይ ቆመሽ እንዴት እንቢ ልበልሽ? የሰው ልጅ አይደለሽም? ሳሩን ላንቺ ሰጠሁ። ድምፄን ግን ምን በወጣኝ! እናቴን ወደዚህ ለማምጣት ስፖንሰር ካደረግኩ ስንት ዓመቴ፣ ፋይሉ ከተቀመጠበት አልተነሳም። መንግሥቱን የያዙት እነሱ አይደሉም እንዴ?»

ዕጩዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። አንድም ሳልቀንስ ተርጉሜ ነገርኳት። ጻፈች። እትዬ ዘውዴ አፍረው «ለሷ ምን ነገርሻት! በሉ ግቡ፣ ብርድ ነው» እያሉ ሦስታችንንም ጎትተው አስገቡን፣ ሻይ ሳንጠጣም አልለቀቁንም። እዛው መንገድ ላይ አንድ ሌላ ሐበሻ ቤት ደግሞ የሦስት ፓርቲ ሳይን ተደርድሮ አገኘን። ባለቤቱ «ሁሉም በትህትና ነው የጠየቁኝ» አሉ።

ቶርንክሊፍ ፓርክ አስራ አንደኛ ፎቅ የባሰው ተነገረኝ። ባለቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ነው፣ የባልኮኒውን ማሰሪያ አብሮኝ እየቆረጠ ነው ያወራኝ።

«ልመርጣት እችል ነበር እኮ። ጥያቄ ነበረኝ። ሌሎቹ ሦስቴ መጥተው አንኳኩ። ከናንተ ግን ሳይኑ መጣ፣ የሚያነጋግረኝ ሰው አልመጣም።»

ሰው ያልመጣው እኔ «የኛ ነው» ስላልኩ ነው። ሊፍት ውስጥ ጋሽ ወርቁ ሰሌዳዎቹን በብብታቸው ይዘው የፎቁን ቁጥር ያያሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻውን ጭነት ካምፔይን ኦፊሱ አደረስን። ብራያን ዕቃ በካርቶን ያሽጋል፣ ዕጩዋ ጓንቷን እያወለቀች ነው። ጋሽ ወርቁ የቫኑን ቁልፍ ይዘው ሊወጡ በሩ ጋ ደርሰዋል። ከወጡ በኋላ ማንም የሚጠይቀኝ እንደሌለ ገባኝ።

«ዝርዝሩን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሁሉም ዞረ። «ጋሽ ወርቁ ያስተማሩኝ ሰዎቹ ራሳቸው የጠየቁትንና እኛ ስንጠይቃቸው እሺ ያሉትን ለያይቼ እንድጽፍ ነው። እኔ ቸኩዬ አንድ ላይ ደባለቅኩት። የፈረሙት ባዶ ቅጽ ላይ ነው። የኛ ነው ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ብለሽ?» አለኝ ብራያን።

«አዎ።»

«ራሳቸው የጠየቁት ስንት ነበሩ?»

«ከሐበሻው? አንድም የለም። ሁሉንም የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ።»

ብራያን አፉን ሊከፍት ሲል ዕጩዋ ቀደመችው። «ብራያን፣ ያንን ዝርዝር ስታሳየኝ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ራሴ ሄጄ በሩን አላንኳኳሁም። ጥፋት የምንጽፍ ከሆነ የኔንም ጻፈው።» ከዛ ጋሽ ወርቁ ጋ ሄዳ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። «ይቅርታ፣ ሚስተር ወርቁ።» ብራያንም ቆይቶ እጁን ዘረጋ። አኮረፈ ግን።

ቫን ውስጥ አላስችል አለኝ።

«ማክሰኞ ለምን አልተናገሩም?»

«ምን ብዬ? ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜ የሰጠሁት እኔ አይደለሁ? ልጅቷ ናት ብዬ ጣቴን ልቀስር?»

«አሁን ያምኑኛል?»

«ዛሬ ጠዋት አላምንሽም ነበር። አሁን ትንሽ።»

ጸደይ ላይ ብራያን ደወለላቸው። ሥራው ያንተ ነው፣ ልጅቷን ግን አታምጣ አላቸው። ጋሽ ወርቁ ወዲያው ነገሩኝ፣ ሳያለሳልሱ። «ሥራው ተገኝቷል። አንቺ የለሽበትም።» ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ለኔ ሲሉ ሥራውን ይተዉታል ብዬ ጠብቄ ኖሮ! ለምን ይተዉታል? ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ያን ሰሞን ቤቴ ቁጭ ብዬ ለመጨረሻ ፈተናዬ አጠናሁ። እሳቸው ቀጥ ቀጥ ያለ ሳይን ሲተክሉ በአውቶቡስ መስኮት አያቸው ነበር።

ከተመረቅኩ በኋላ ለከተማው ምርጫ ራሳቸው መልሰው ጠሩኝ። አሁን አዲስ የሚገቡትን የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ይሄንንም የጻፍኩት ለናንተው ነው፣ ጥያቄ ታበዛላችሁና።

ከዚህ ሥራ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ያጠፋችሁትን ባወቃችሁበት ቀን ተናገሩ። እኔ ያጠፋሁትን ያወቅኩት ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ የተናገርኩት ግን ሐሙስ ከሰዓት ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ የተሸከሙልኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው።