ለስልክ የተነበበው ዳዊት

ያረፉት አጎቴ ቄስ ነበሩ። ወረታ ባለው የኮምፒውተር ሱቄ መዝሙረ ዳዊትን ሲያነቡ ቀርጬ ለስልክ ሳዘጋጅ፣ በእያንዳንዱ ምርጫ ላይ «ለማን ነው?» ይሉኝ ነበር።

እኔ ቪዲዮ ፈለግሁ። «ሩዝ የሚያርም ሰው በምን ዓይኑ ያየዋል? ድምፁ ይበቃል፤ በትንሿም ስልክ እንዲከፈት የፋይሉን መጠን አሳንሺው» አሉኝ። ከድምፁ ጋር ለሚወጣው ጽሑፍ ግን ዓይናቸው የደከመ እናቶችን አስበው ትልቁን ፊደል አስመረጡኝ።

አንድ ክረምት በፎገራ ማሳ ዳር አብረን ስናልፍ ከአራሚዎቹ ስልክ የአጎቴ የራሳቸው ድምፅ ተሰማ። ቆም ብለው አዳመጡና «ይሄ ቄስ ምነው ቸኮለ?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። በማግስቱ መጥተው ዝግ ብለው እንደ አዲስ አነበቡ።

አሁን ከጎኔ ወንበራቸው ባዶ ነው። ሰው የሚሰማው ዝግ ያለውን ንባብ ነው፤ የችኮላው ግን እኔ ዘንድ አለ። ሲናፍቁኝ እሱን ከፍቼ እስቃለሁ።