በአምባሰል የተቃኘው ራኬት

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ ሁለቱን የቴኒስ ራኬቶች በብብቱ ይዞ ሊወጣ ሲል እናታችን በሩ ላይ ቆማ እጇን ዘረጋች።

«ወስፌዬን አምጣ።»

«የቱን ወስፌ?»

«ትናንት ስፌቴ ላይ ሰክቼ የተውኩትን። እንዴት ያለ ጉድ ነው! የሴት ወስፌ እየሰረቀ ወንፊት የሚሠራ ወንድ የት አገር አለ?»

እናቴ ራኬትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወንፊት ነው የምትለው። ወንድሜ ሳቀ።

«እማዬ፣ ለዛሬ ብቻ። ሰኞ ከቀጠሩኝ ደርዘን ወስፌ ነው የማመጣልሽ፣ ወላሂ።»

«መጀመሪያ ይቅጠሩህ» አለችና መንገዱን ለቀቀችለት።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ክለብ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀርቦ እንዲጫወት ጠርቶት ነበር። ጨዋታውን ከወደዱለት የልጆች አሠልጣኝ ያደርጉታል። ከሰፈራችን ግርጌ ባለው ሐይቅ ላይ የዓሣ መረብ መጣል ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው። ሥራውን አይጠላውም። ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቴኒስ ላይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጥሪም መጥቶለት አያውቅም። የቸገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሁለቱ ራኬቶች በየትኛው ይጫወት? በአሮጌው ጥሩ ይጫወታል፤ ግን ይስቁብኛል ብሎ ይፈራል። አዲሱን ቢይዝ ማንም አይስቅም፤ ግን በእሱ ሲጫወት ሌላ ሰው ይሆናል።

እኔ ታናሹ ነኝ። «አያ» ነው የምለው። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ትምህርት ቤታችን ግን ከሰሜን የሸሹ ሰዎች ስለገቡበት ተዘግቷል። በየመስከረሙ ወደ ግሸን ተሳላሚ ጭነው የሚያልፉት አውቶቡሶች ያን ዓመት ጥቂት ነበሩ። መንገዱ ላይ የሚበዛው ፍራሽና ድስት የጫነ መኪና ነው። ሰው ሁሉ «ጦርነቱ እዚህ አይደርስም» ይል ነበር። እኛም እንል ነበር።

የእንጨቱ ራኬት ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። አያ በልጅነቱ ኮምቦልቻ አክስታችን ዘንድ ሲኖር አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ያቀብል ነበር። እዚያ ይጫወቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጡረታ ሲወጡ ሰጡት። ፊቱ ትንሽ ነው፤ ከወጥ ሰሃን ብዙም አይበልጥም። ክብደቱ እንደ መዶሻ ነው። እርጥበት እንዳያጣምመው አራት ብሎን ባለው የእንጨት መጭመቂያ ታስሮ ያድራል። እጀታው ላይ የተጠቀለለው ቆዳ በመካኒኩና በአያ ላብ ጠቁሯል።

አዲሱ የመጣው ለውጡ በመጣበት ዓመት ነው። ያኔ ሐይቁ ዳር እንግዳ በዝቶ ነበር። እዚህ ሆቴል ይሠራል፣ እዚያ አስፋልት ይገባል ይባላል። ሰው ሲገናኝ የሚያወራው ስለሚመጣው ነገር ነበር። ከውጭ አገር ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ አንድ ሰውዬ ከአያ ጋር አንድ ሳምንት ተጫወተና ሲሄድ ራኬቱን ትቶለት ሄደ። ሆቴሉ አልተሠራም፤ አስፋልቱም አልገባም። ከዚያ ሁሉ ወሬ ለቤታችን የደረሰው ራኬቱ ነው። ካርቦን ነው አሉን። ጥቁር ነው፤ ፊቱ ሰፊ ነው፤ ስታነሳው ባዶ እጅህን ያነሳህ ይመስልሃል።

የቴኒስ ክር እኛ ገበያ አይገኝም። ሲበጠስ አያ የሚወጥረው በዓሣ አጥማጅ ናይለን ነው፤ ለትልቁ መንጠቆ በሚሆነው በወፍራሙ። ማሽን የለውም። ራኬቱን በእግሩ ረግጦ፣ ናይለኑን ዱላ ላይ ጠቅልሎ ይስባል። የሳበው እንዳይላላ ቀዳዳው ውስጥ ወስፌ ይሰካል። ከዚያ ቀጣዩን ይስባል። መጥበቁን የሚያውቀው በጆሮው ነው። አያ ክራር ይጫወታል፤ የሰፈሩ ሰርግ ያለ እሱ አይሞቅም። ክሩን በጥፍሩ መታ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። የአምባሰል ቅኝት መነሻ የሆነችውን ድምፅ እስኪያገኝ ይስባል። ሲያገኛት «ገባች» ይላል። የእንጨቱ ራኬት በዚያች ድምፅ ላይ ሲሆን ኳሱ ካሰበበት ውልፍት አይልም።

ሜዳችን ሐይቁ ዳር ያለ ደረቅ መሬት ነው። በሁለት ባሕር ዛፍ መሀል ያረጀ የዓሣ መረብ ወጥረንበታል። ያን ቀን ሁለት ዓሣ አጥማጆች ጥላው ሥር ተቀምጠው መረባቸውን ይጠግኑ ነበር። አንደኛው ገና ሲያየን፦

«መጡ ደግሞ! ዛሬስ ዓሣው በአየር ያልፋል ብላችሁ ነው?»

«አንተ በውኃው ያጣኸውን እኛ በአየር እንሞክር ብለን ነው» አለው አያ።

መጀመሪያ በእንጨቱ ተጫወተ። ድምፁን አሁንም እሰማዋለሁ። ዷ ይላል፤ ደረቅ ማገዶ ሲፈለጥ እንደሚሰማው። ኳሷን ዝቅ አድርጎ ከመረቡ በላይ በጣት ያህል ያሳልፋታል፤ ተንሸራታ ስታልፍ እኔ ገና መሮጥ እጀምራለሁ። ቀጥሎ አዲሱን ያዘ። ያው ሰው፣ ያው ክንድ፤ ኳሷ ግን ሞተች። መረቡ ሥር ወደቀች። ሦስቴ፣ አራቴ። ክርኑን ያዘ።

«ይሄ ነገር አጥንት ነው የሚመታው፣ ኳስ አይደለም። በቃ፣ ይሳቁብኝ። በእንጨቱ እሄዳለሁ።»

ፊቱን አየሁት። በእንጨቱ መሄዱ አላስደሰተውም።

ራኬቱን ተቀብዬ ክሩን በጥፍሬ መታሁት።

«አያ፣ ይሄን በየትኛው ድምፅ ነው የቃኘኸው?»

«በዚያው ነዋ። ስንት አምባሰል አለ?»

በፊት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ጣውላ ላይ ሽቦ ወጥሮ አሳይቶን ነበር። ሽቦው ሲረዝም ድምፁ ይወፍራል። የረዘመው ሽቦ የአጭሩን ድምፅ እንዲሰጥ ከፈለግህ ይበልጥ መወጠር አለብህ። የእንጨቱ ፊት ትንሽ ነው፤ ክሩ አጭር ነው። የአዲሱ ሰፊ ነው፤ ክሩ ረጅም ነው። አያ ሁለቱን በአንድ ድምፅ ሲቃኝ ሳያውቀው አዲሱን ከመጠን በላይ ያጠብቀው ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ እንደዚያ ሲያደርግ ኖሯል። እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወስፌ ሳቀብለው ኖሬያለሁ።

መሬቱ ላይ በእንጨት እየሣልኩ ነገርኩት። ሲናገሩት ቀላል አይደለም፤ ሁለቴ ተሳሳትኩ።

«እንግዲህ ተማሪው ክራር ሊያስተምረኝ ነው!» አለ ለዓሣ አጥማጆቹ። ግን ሥዕሉን ጎንበስ ብሎ ቆይቶ አየው። «ታዲያ ምን ያህል ላላላው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ድምፁን ግን ዝቅ አድርገው።»

ከዓሣ አጥማጆቹ አዲስ ናይለን ለመነ። የድሮውን በጠስነው። ጥላው ሥር ተቀምጠን እስከ ቀትር ወጠርን፤ እሱ ይስባል፣ እኔ ወስፌውን እሰካለሁ። በሳበ ቁጥር ጆሮው ወደ ለመዳት ድምፅ ይወስደዋል። «በቃህ!» እለዋለሁ። ፊቱን ያጨማድዳል።

«ይሄ አምባሰል አይደለም እኮ። ይሄ ምንም አይደለም። ሰርግ ላይ እንዲህ ብቃኝ ሙሽራዋ ራሷ ታባርረኛለች።»

«ኳስ ሙሽራ አይደለችም፣ አያ።»

ዓሣ አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ይስቁ ነበር።

ዙህር ሰግደን ተመለስን። የመጀመሪያዋን ኳስ ሲመታት ዛፎቹን አልፋ ሐይቁ ውስጥ ገባች። አንደኛው ዓሣ አጥማጅ እየተሳደበ በታንኳ አመጣልን። ሁለተኛዋ ግን ሜዳው ውስጥ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ኳሷን መመለስ አቃተኝ። በእንጨቱ የሚሠራትን ሁሉ በዚህኛው ሠራት፤ ደግሞም በእንጨቱ የማይደርስባትን ኳስ ክንዱን ዘርግቶ በዳር በኩል ሲነካት ትመለሳለች። አንድ ነጥብ አላስነካኝም። ሲጨርስ ሣሩ ላይ ተዘረረ።

«በእንጨቱ ስታጠፋ ይቀጣሃል። ይሄ አይቶ እንዳላየ ያልፍሃል» አለ።

«የቱ ይሻላል ታዲያ?»

«ልጅ የሚማረው በሚቀጣው ነው።» ትንሽ አሰበ። «ፈተና ግን በሚያልፍህ ነው የሚገባው። ሰኞ በዚህ ነው የምሄደው።»

በቃ፣ ተወሰነ። ፊቱ በራ። ከሰዓት በኋላ ዋኘን። ዓሣ አጥማጆቹ ሁለት ቆሮሶ ዓሣ ሰጡን፤ እዚያው ጠብሰን በሚጥሚጣ በላን። ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወስፌዋን ብርሃን ላይ አንስታ አየችው።

«አጣሞታል!»

«አላጣመምኩትም፤ ሰገደ እንጂ።»

በእጇ ጀርባ መታችውና እሷም ሳቀች። ያን ቀን የጎደለን ነገር አልነበረም። ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል። ደስ ማለቱ ኃጢአት እንደሆነ አላውቅም፤ አይመስለኝም።

እሑድ ጠዋት ልሸኘው መንገድ ወጣሁ። አክስታችን ቤት አድሮ ሰኞ ሊቀርብ ነው። ሚኒባሶቹ ተፈናቃይ ሊጭኑ ሄደው ስለነበር አልተገኙም። ከፍራሽና ከጆንያ ጋር ሰው የጫነ የጭነት መኪና ቆመለት። ከላይ ሆኖ «አብሽር፣ ስደርስ እደውላለሁ» አለኝ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገለበጠ። የሞተው እሱ ብቻ አይደለም። ጎረቤቶቻችን ሄደው ከደሴ ሆስፒታል አመጡት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ቀጥሎ ቀበርነው። አዲሱ ራኬት አልተገኘም፤ የጠየቀም የለም። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ሰኞ ጠዋት የለቅሶው ድንኳን በሰው ተሞልቶ ነበር። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ትዝ አለኝ፤ ሰዎቹ እየጠበቁት ነው። ክለቡ የደወለለት በእኔ ስልክ ስለነበር ቁጥሩ አለኝ። ከቤታችን ጀርባ ሄጄ ደወልኩ።

«ሄሎ! ደረስክ እንዴ?» አለኝ አንድ ሰው በደስታ። «ሜዳውን እያስጠረግን ነው።»

«እኔ ወንድሙ ነኝ።»

«ምነው፣ መኪና አጣ?»

«ትናንት ሞተ። ሐረጎ ላይ መኪና ተገልብጦ።»

መጥረጊያው መሬቱን ሲጭር ይሰማኝ ነበር። ከዚያ «ተው እንጂ» አለ ለሚጠርገው ሰው፤ መጥረጊያውም ቆመ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ፣ ወንድሜ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።»

«አሚን። ቦታውን ለሌላ ሰው እንድትሰጡት ብዬ ነው። እንዳትጠብቁት።»

ስልኩን የሚዘጋ መስሎኝ ነበር። አልዘጋውም።

«አይቼው አላውቅም» አለ። «በሰው በሰው ነው የሰማሁት። እንዴት ነበር የሚጫወተው?»

ነገርኩት። ኳሷን ዝቅ አድርጎ እንዴት እንደሚያሳልፋት፣ በግራ በኩል ስትመጣበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚል፣ ከመምታቱ በፊት ትንፋሹን እንደሚይዝ። ሰውዬው «እሺ… እሺ…» እያለ ሰማኝ። ሒሳቡ አልቆ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ነገርኩት።

ከዚያ ሁለት ጀሪካን አንስቼ ሰዉ ከሰላት በፊት የሚታጠብበትን የውዱ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።