እህቴ የመረጠችልኝ ባለቀለም ካሜራ

ታላቅ እህቴ አረብ አገር ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። የአሠሪዎቿ የበኩር ልጅ የሰማይ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበርና ቴሌስኮፑን ጣራ ላይ የምታወጣለትም የምታወርድለትም እሷ ነበረች። ሻይ ልታደርስ ወጥታ፣ ቆማ እያየች፣ ሙያውን ለቀመችው። እኔ ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከዋክብትን የማውቃቸው ግን በመጽሐፍ ነበር። እሷ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ በእጇ ታውቃቸዋለች።

አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ሰሞን ልትመለስ ስትሰናዳ ደወለችልኝ።

"ልጁ አሮጌ ቴሌስኮፑን መርቆልኛል። እሱ ላይ የሚገጠም ካሜራ ልገዛልህ ነው፤ ባለቀለም ይሁን ጥቁርና ነጭ?"

"ጥቁርና ነጩ! አዋቂዎቹ የሚይዙት እሱን ነው፤ ምስሉ ይጠራል።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ያመጣችው ባለቀለሙን ነበር። ካርቶኑን ስከፍት ፊቴ ሲጠቁር አይታ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ስማኝ። ጥቁርና ነጩ ብርሃኑን ሳይከፋፍል ይቀበላል፤ ለዚህ ነው የሚጠራው። ቀለም ስትፈልግ ግን ፊቱ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ መስታወት እየቀያየርክ ደጋግመህ ታነሳለህ፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ታገጣጥማለህ። ይኼኛው መስታወቶቹን ከውስጡ ይዟል። ትንሽ ብርሃን ይበላብሃል፣ ግን ባንዴ ይጨርሳል። ጀማሪ ነህ። የእኛ ሰማይ ደግሞ እንደ በረሃው አይደለም፤ ደመናው አይታመንም።"

አላመንኳትም። በጥር አንድ ቀን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለው አጎታችን ቤት ሄድን። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ በደንብ ሲጨልም፣ ኦሪዮን በተባሉት ከዋክብት መሐል ያለውን የጋዝ ደመና ማንሳት ጀመርን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከሐይቁ በኩል ጉም ተነሥቶ ሰማዩን ሸፈነው።

"አለቀልን" አልኩ።

"ለአንድ ፎቶ በቂ ነው" አለችና ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከዚያ ያነሣናቸውን ምስሎች ብርሃናቸው እንዲደመር አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበቻቸው። ጽጌረዳ የመሰለ ቀይ ነገር ብቅ አለ። ጥቁርና ነጩን ይዘን ቢሆን ኖሮ ጉሙ የሚደርስብን ገና ቀዩን ጨርሰን አረንጓዴውን ስንጀምር ነበር።

አጎታችን ጎንበስ ብሎ አየ። "ቀለሙን አንቺ ነሽ የቀባሽው?"

"ወላሂ የራሱ ነው፣ አጎቴ።"

"ሱብሓን አላህ!" ብሎ ልጆቹን ጠራ።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሐይቅ ሲቀርብ ቴሌስኮፑን እቤት ትተን ወደ ደሴ ወጣን። ካሜራውን እሷ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው። በዚያ ወቅት ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ ይዞ መገኘት ያስጠረጥራል፤ እኔ "ጣይው" ብያት ነበር። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ጥቁሩን ቆርቆሮ መሳይ ነገር አወጣው።

"እህቴ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

እሷ ድምጿ እንኳ ሳይለወጥ "የሰማይ ካሜራ ነው፣ ወንድሜ" አለችና ስልኳ ላይ የአርዲቦውን ፎቶ አሳየችው። ወታደሩ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

"ይኼ እውነት እላያችን ላይ አለ?"

"አለ። ማታ ማታ ይወጣል።"

ካሜራውን እራሱ በነጠላዋ ጠቅልሎ መለሰላት።

ስንመለስ ቤታችን ተዘርፎ ቴሌስኮፑ የለም። እሷ አልሐምዱሊላህ ብላ የጨርቅ ሱቅ ከፈተች፤ በዓመቱ ያገለገለ ቴሌስኮፕ አስመጣች። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ሱቋን ዘግታ ወደማስተምርበት ክፍል ትመጣለች። ጠመኔውን እሰጣትና ከተማሪዎቹ ኋላ እቀመጣለሁ።