ያልታደሰው የጤና መድን

በዚያ ቀን እቤቴ የነበርነው እኔ፣ ትንሿ ልጄ፣ አብረውን የተበደሩ ሁለት ሴቶችና የምታስለው ጎረቤቴ ነን። አራታችን አንዳችን ለሌላችን ዋስ ሆነን ነበር ብድር የወሰድነው፤ አንዷ ካልከፈለች የቀረነው እንከፍላለን።

ጎረቤቴ ያለቻትን አንዲት በግ ሮብ ገበያ ሸጣ መምጣቷ ነበር። ብሩን ከነጠላዋ ጫፍ እየፈታች፣ «የጤና መድን እድሳት በዚህ ሳምንት ይዘጋል። ካለፈኝ እስከ ዓመት መታከሚያ የለኝም። በዚህ ላሳድስና ብድሩን ድንቼ ሲደርስ ልክፈል» አለች።

«በዚህ ሳልሽ ድንቹን ማን ሊቆፍርልሽ ነው?» አለች አንዷ። ጎረቤቴም አብራን ሳቀች፤ ሳቋን ሳል ቆረጠው።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። «መጀመሪያ ብድሩ ይከፈል፣ እታለም። ሳል በዝንጅብልም ይለቃል» አልኳት። ልጄ ወተቷን የምትጠጣትን ላም ለጎረቤቴ ዕዳ እንዳልሸጥ ፈርቼ ነው።

ብሩን ቆጥራ ሰጠችን። መድኑ አለፋት። ክረምቱን ሙሉ ሐኪም ሳያያት እየከሳች ከረመች። ከመስቀል በኋላ ለሰሊጥ አጫጆች ወጥ ልትሠራ ወደ ቆላ ወረደች አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም።

አሁን ልጄ ስታስል ዝንጅብል ማፍላት አልችልም። አንዳንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴን ሳል እሰማና እወጣለሁ፤ በሯ እንደተዘጋ ነው።

ረጅም፣ ጠይም ሴት ናት። ስታስል ደረቷን በግራ እጇ ትይዛለች። ያያችኋት ካላችሁ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ንገሩኝ።