የቀበሌው ማኅተምና የምጽዋው ጠላቂ

በዚያ እሑድ ጠዋት ግድቡ ዳር አምስት ሰዎች ነበርን። አንደኛው የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤ ሁለተኛው የሚስታቸው ወንድም፣ ከምጽዋ ባሕር ኃይል ለዕረፍት የመጣ ጠላቂ፤ ሦስተኛው የካ ውስጥ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፤ አራተኛው የግድቡ ዘበኛ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፤ አምስተኛው እኔ፣ የቀበሌው ጸሐፊ። ስም አልጠራም፤ ልጆቻቸው አሉ።

ግድቡ እንጦጦ ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣ ለችግኝ ማጠጫ የተሠራ ትንሽ ግድብ ነው። ድንጋይ በገመድ አስሬ ለክቼዋለሁ፤ ጥልቁ ቦታ ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ይሆናል።

ዓርብ ዕለት የችግኝ ተከላ ዘመቻ ነበር። ሊቀመንበሩ ተከላው ሲያልቅ ጎንበስ ብለው በግድቡ ውሃ እጃቸውን ታጠቡ። ቢሮ ስንመለስ የደረት ኪሳቸውን ዳበሱ፤ የቀበሌው ማኅተም የለም።

«ስታጠብ አንድ ነገር ጡብ ሲል ሰምቻለሁ» አሉኝ ላብ እያጠመቃቸው። «እንቁራሪት መስሎኝ ነበር።»

ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ ያለ ማኅተም የስኳር ዝርዝር አይወጣም፣ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም። ከዚያ የባሰው ግን ማኅተሙ ማን እጅ ገባ የሚለው ጥያቄ ነው፤ ጠያቂዎቹም የሚቀለድባቸው ሰዎች አልነበሩም። የስኳሩ ዝርዝር ማኅተም አርፎበት ሰኞ ጠዋት ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት መድረስ አለበት። ስለዚህ ሊቀመንበሩ «ምን እንደምንፈልግ ከእኔና ከአንተ ሌላ ማንም እንዳይሰማ» ብለው አስጠነቀቁኝ።

ማንም ሲሉ ጠላቂውንም ጨምረው ነው።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የምፈልገው?» አላቸው።

«ዕቃ።»

«ምን ዓይነት ዕቃ?»

«ክብ።»

«ትልቅ ነው?»

«ክብ ነው አልኩህ እኮ!»

ጠላቂው የባሕር ኃይሉን ዕቃ ግምጃ ቤት ስለማያምን መነጽሩን፣ የእግሩን መቅዘፊያና የአየር ሲሊንደሩን ይዞ ነው ለዕረፍት የሚመጣው። ሲሊንደሩ ግን ባዶ ነበር። የሚሞላበት ቦታ ብንፈልግ ያገኘነው ጎሚስታውን ብቻ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ሲታገል ውሎ አየር አስገባበት። የጠላቂው የአየር ግፊት መለኪያ እስከ ሁለት መቶ ይቆጥራል፤ መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።

«ወላሂ ሞልቷል!» አለ ጎሚስታው። «ለኤንትሬ ከባድ መኪና ጎማ የበቃ አየር ለአንድ ሰው አይበቃም?»

ጠላቂው ወገቡን ወደ ታች የሚያሰምጥ የእርሳስ ብረት በተደረደረበት ቀበቶ ታጠቀ። ብረቶቹን ቆጠርኩ፤ ስምንት ናቸው። የጨው ውሃ ሰውን ይበልጥ እንደሚያነሳ ብቻዬን ካነበብኩት የፊዚክስ መጽሐፍ አውቃለሁ፤ ለባሕር የተመዘነ ክብደት ለእኛ ግድብ እንደሚበዛም ገምቻለሁ። ግን የባሕር ኃይል ሰው ከእኔ የተሻለ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታ ልማዴ ነው።

ገባ። ዋና የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥ ብሎ ወረደ። እሱን አስረን እኔና ዘበኛው የያዝነው ገመድ ሽው ብሎ ሄዶ ቆመ። እኔ አረፋ መቁጠር ጀመርኩ።

«ልጄ» አሉኝ ዘበኛው በቀስታ፤ «ይሄ ሰው ንስሐ ገብቷል?»

አረፋው ሲሳሳ ጎትተን አወጣነው። እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ነበር። በእጁ ክብ ነገር ይዟል፤ ሊቀመንበሩ ዘለው ነጠቁት። የድስት ክዳን ነው።

«አየሩ ጎማ ጎማ ይላል» አለ ጠላቂው እየተንቀጠቀጠ።

«ታዲያ ምን ምን እንዲልልህ ነበር?» አለ ጎሚስታው።

ሊቀመንበሩ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። «አለቀልኝ። ነገ ምን ብዬ እቆማለሁ?»

«ጋሼ፣ ልሞትልህ ነበር እኮ!» ጠላቂው ጥርሱ ይንገጫገጫል። «ቢያንስ ከምን እንደተሠራ ንገረኝ። ብረት ነው?»

ሊቀመንበሩ ጥንቃቄያቸውን ረሱት። «ከታች ጎማ ነው። ጽሑፍ አለበት። እጀታው እንጨት ነው፣ ዋንዛ።»

መጀመሪያ የነቃው ጎሚስታው ነው።

«ጓድ፣ እንጨት ይሰምጣል እንዴ?»

ያን እጀታ በየቀኑ የምጨብጠው እኔ ነኝ። ጥልቀት ለክቼ፣ ብረት ቆጥሬ፣ አረፋ መዝግቤ ይህን አላሰብኩም።

ዘበኛው ገመዱን ጣሉ። ወደ ጎጇቸው ሄደው ማኅተሙን ይዘው መጡ።

«ይቺ ናት? ዓርብ ማታ የውሃ መውጫውን ወንፊት ስጠርግ ከቅጠል ጋር ያገኘኋት ናት። ለነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ሆናኛለች፣ በእጀታዋ።»

«አባባ፣ ምነው እስካሁን ዝም አሉ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የጠየቀኝ አለ? ዕቃ አላችሁ፣ ክብ አላችሁ። መንግሥት መውቀጫ ጠፋኝ ብሎ ከምጽዋ ጠላቂ ያስመጣል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

ሊቀመንበሩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የሽማግሌውን ትከሻ ሳሙ።

ሰኞ የስኳሩን ዝርዝር አትሜ ወሰድኩ። የከፍተኛው ሰውዬ ወረቀቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ እኔን አየ፣ እንደገና አሸተተ፤ ፈረመ።

የዚያን ቀን እዚያ የነበራችሁ፣ የቀረኝ ነገር ካለ ጨምሩበት። አረፋውን እስከ መቶ አርባ ቆጥሬ የሊቀመንበሩ ልቅሶ አምታታኝ፤ አንተ ጎሚስታው፣ ሰዓት ታይ ነበርና ስንት ደቂቃ እንደሆነ ንገረኝ። ሊቀመንበሩ የዘበኛውን ትከሻ የሳሙት እኔ እንደመዘገብኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ጠላቂው ግን አንድ ጊዜ ነው ይላል። እሱ በዚያ ሰዓት ከጆሮው ጭቃ እያወጣ ስለነበር፣ ሌላ ያየ ሰው ቢናገር ደስ ይለኛል።