የቀናሁበት እስረኛ

ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እየተደበቅን በየቤቱ እንሰበሰብ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ተራው የእኔ ቤት ነበር። እጄ ላይ ያለውን ጠመኔ እንኳ ሳላራግፍ ሆሳዕና ከተማ ዳር ያለ የቀድሞ የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ሲዘጋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻገተ በቆሎ ሽታ ነው።

መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው ቆርቆሮው በተበሳበት በኩል ብቻ ነበር። ሃያ ያህል ነበርን። ከሁላችን ወደ ውጭ የሚወጣው አንድ ሰው ነው፤ የፎንቆ ሰው የሆነ አናጺ፣ የወንድሙን ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ሸሽገሃል ተብሎ የታሰረ። ጠዋት ጠዋት ጥበቃው መጥቶ ከተማው ውስጥ ለሚሠራው አዲስ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ ይወስደዋል፤ አመሻሽ ላይ ይመልሰዋል።

ቀናሁበት። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ፣ ጫማው ላይ የመንገድ ጭቃ ይዞ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሌሎቹ ከበውት "ዝናቡ እንዴት ነው? ገበያው ቆሟል?" ይሉታል። እኔ እንዳልሰማ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል እለቅም ነበር።

አንድ ቀን አጠገቤ ተቀመጠና፣ "መምህር፣ ባለቤትህን አየኋት" አለኝ። "መናኸሪያው ጋ። አንዴ ምግብ ስታመጣልህ በር ላይ አይቻት ስለነበር ለየኋት። ደህና ናት። ቢጫ ሻርፕ አድርጋለች።"

እኔ ጠያቂ ተከልክያለሁ። የምታመጣልኝን ምግብ በር ላይ ይቀበሏታል። ሦስት ወር ያላየኋትን ሚስቴን ይህ ሰው ቆሞ አያት! ማመስገን ሲገባኝ "ደግ" ብዬ ተነሣሁና ምንጣፌን ከአጠገቡ አራቅኩ።

በሳምንቱ ጥበቃው ለአብዮት በዓል መፈክር የሚጽፍ ሰው ፈለገ። አናጺው "መምህሩ አለ አይደል?" ብሎት ኖሯል። አፈርኩ። ቢሆንም ወጣሁ።

እኛ ፊት፣ ጥበቃው ከኋላ ሆነን ስንሄድ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። ከፊታችን ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ የተጋራኝ መምህር ብቅ አለ። እኔን ሲያይ የጫማውን ክር እንደሚያስር ሆኖ አጎነበሰ። ጫማው ክር አልነበረውም።

አናጺው ባርኔጣውን አወለቀና "እንደምን አደሩ ጌታዬ?" አለው። መምህሩ እንዳጎነበሰ ቀረ። ቀጥላ የመጣችውን ቅቤ ሻጭም ሰላም አላት። መንገዱን ተሻገረች።

"ጋሼ፣ የማይመልስልዎትን ሰው ለምን ሰላም ይላሉ?"

"ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። መመለሱ የእነሱ ፈንታ ነው። እኔ ግን ሰው አይቼ ዝም ብዬ ካለፍኩ፣ ያኔ በራሴ እጅ ታሰርኩ ማለት ነው።"

"ዝም በል!" አለ ጥበቃው። አናጺው ዝም አለ። ቀጣዩ ሰው ሲመጣ ግን ባርኔጣውን አወለቀ።

ያን ቀን በቀይ ጨርቅ ላይ፣ በነጭ ቀለም፣ "ነፃነት" የሚል ቃል ያለበት መፈክር ስጽፍ ዋልኩ።

በማግስቱ ያንኑ መምህር ባልደረባዬን እዚያው መንገድ ላይ አገኘሁት። ሊታጠፍ ሲል "ደህና አደርክ ወንድሜ?" አልኩት። ቆመ። ጥበቃውን አየ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ጥበቃው በሰደፍ ጀርባዬን ገፋኝ። አናጺው ወደ እኔ ሳያይ እርምጃውን ከእርምጃዬ ጋር አስተካከለ።

ኋላ አናጺውን ወደ ሌላ እስር ቤት ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

እኔ ተፈታሁ፤ ያ ዘመንም አለፈ። ዛሬ በሬን ከፍቼ እጸልያለሁ። ልሂድ ብል ሾኔም ዱራሜም ማንንም ሳላስፈቅድ እሄዳለሁ። ግን አልፎ አልፎ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሹማምንት ፊት የነሱት ሰው ይገባል፤ ድንኳኑ ሁሉ ያቀረቅራል። እኔም ከመነሣቴ በፊት ማን እንደሚያየኝ ዙሪያዬን እቃኛለሁ። ማንም አልከለከለኝም። ያን ጊዜ በዚያ አናጺ እንደገና እቀናለሁ። አንዳንድ ቀን ተነሥቼ አጠገቤ ቦታ እሰጠዋለሁ። ሁልጊዜ ግን አይደለም።